ሞተርሆምዎ ሲያፈስ፦ ማሸጊያ ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄው ከሲያትል ነው። አንባቢያችን በፎርድ ኢ-450 ሻንሲ ላይ የተሠራ፣ የ2004 ምርት የሆነ ያገለገለ ሞተርሆም (መኝታና ማብሰያ ያለው የቤት መኪና) ባለፈው ሐምሌ ገዙ። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲጀምር ከሾፌሩ በላይ ያለው አልጋ ፍራሽ በአንድ ጥጉ ረጠበ። ጣሪያው ላይ ወጥተው የተሰነጠቀ የመሰላቸውን ሁሉ በሲሊኮን ደፈኑ። ለጥቂት ሳምንታት ደረቀ፤ ከዚያ እንደገና አፈሰሰ፤ እንደገና ደፈኑ። አሁን በአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ ቡናማ ሆኗል፣ በውጭ በኩል ደግሞ የመኪናው ግንባር ላይ መዳፍ የሚያህል እብጠት ወጥቷል። «ጣሪያው በሙሉ ካልተቀየረ አይሆንም ተብያለሁ። ራሴ ልጠግነው አልችልም ወይ? የትኛውን ማሸጊያ ልግዛ?» ይላሉ።

ይችላሉ። ማሸጊያውን ግን ገና አይግዙ። ውሃው የት እንደሚገባ እስካሁን አላወቁም፤ ያወቁት የት እንደሚንጠባጠብ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት መኪና ሁለቱ ቦታዎች የሚገናኙት አልፎ አልፎ ነው። ግድግዳው ከውጭ ስስ ፋይበርግላስ፣ ከሥሩ ስስ ኮምፐንሳቶ፣ ከዚያ ፎምና የእንጨት ማገር ነው። በአንዲት የቪስ ቀዳዳ የገባ ውሃ ማገሩን ተከትሎ ይወርዳል፤ ከገባበት አንድ ሁለት ሜትር ርቆ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይወጣል። ፍራሽዎ የረጠበው በዚያ ጥግ የሆነው ጥጉ ዝቅተኛው ስለሆነ ሊሆን ይችላል።

እንዲያውም ጣሪያው ጥፋተኛ መሆኑን እጠራጠራለሁ። እብጠቱ ግንባሩ ላይ ነው ብለውኛል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምጠረጥረው ግንባሩን ነው። ቆም ብለው ከፊት ይመልከቱት። ከላይ አምስት ቢጫ መብራቶች አሉ፤ ሦስቱ መሐል ላይ ተቀራርበው፣ ሁለቱ በዳርና በዳር። ስፋቱ ከ2 ሜትር ትንሽ ያለፈ መኪና ሁሉ በአሜሪካ ሕግ እነዚህን እንዲይዝ ይገደዳል። ከእያንዳንዱ መብራት ጀርባ ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ፤ ሁለት ቪስም ግድግዳውን በስቶ ገብቷል። ሃያ ዓመት ፀሐይ የመታው ማሸጊያ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በአውራ ጎዳና ላይ ሲነዱ ደግሞ ነፋሱ ዝናቡን በኃይል እየገፋ በዚያ ስንጥቅ ያስገባዋል። የአንዱን መብራት ክዳን ያንሱና ውስጡን ይዩ። የቪሱ ራስ ከዛገ፣ የሽቦው ጫፍም አረንጓዴ ካወጣ ጥርጣሬው ተረጋግጧል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ጣሪያውና ግድግዳው በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ የተመታው አልሙኒየም ነው። በመሐሉ የፕላስቲክ ጥብጣብ ይሄዳል፤ ብዙዎች ለጌጥ የተደረገ ይመስላቸዋል፤ ሥራው ግን የቪሶቹን ራስ መሸፈን ነው። ፕላስቲኩ በዕድሜ ብዛት ያጥራል፤ ጫፉ ላይ ጥቂት ሴንቲሜትር ክፍት ይተዋል፤ ዝናቡ በዚያ ገብቶ ከአንዱ ቪስ ወደ ሌላው በቦይ እንደሚሄድ ውሃ ይፈሳል። ከጫፉ አንድ ጋት ያህል በእጅዎ ሳብ አድርገው ያንሱት። ከሥሩ ያሉት ቪሶች የሚያብረቀርቁ ከሆነ ጥሩ ነው። ቡናማ ከሆኑ ጥብጣቡ በሙሉ ይውጣ፣ የዛጉት ቪሶችም በማይዝግ ብረት ይተኩ። አዲሱን ጥብጣብ ሲያስገቡ ሳይስቡት ነው፤ ተስቦ የገባ ጥብጣብ መልሶ ያጥራል።

አልጋው አጠገብ መስኮት ካለ እርሱንም ይጨምሩበት።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፦ የሚያፈሰው ሲነዱ ነው ወይስ ቆሞ ሳለ? በዝናብ ነድተው ሲመጡ ብቻ ከረጠበ ግንባሩ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ደጅ ቆሞ ዝናብ ሲመታው ከረጠበ ጣሪያውንና የማዕዘኑን መጋጠሚያ ይፈትሹ። ዝናብ በሌለበት ቀን ከረጠበ ደግሞ የትንፋሽና የምድጃ እንፋሎት ሊሆን ይችላል። 1 ኪሎ ፕሮፔን (የምድጃው ጋዝ) ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ቡና ፈልቶ፣ ወጥ ተሠርቶ፣ ሰው ተኝቶ ሲያድር እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። ሲያበስሉ የጣሪያውን መስኮት ይክፈቱ። በምድጃው እሳት ክፍሉን ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይሞታል።

አሁን ወደ ፍተሻው እንሂድ። የጓሮ ውሃ በጎማ እየረጩ ቢፈትሹ ውሃው ውስጥ ለውስጥ ሲዞር ቆይቶ ስለሚወጣ የትኛው ስንጥቅ እንዳስገባው መለየት ያስቸግራል። ከዚያ የተሻለው ነፋስና ሳሙና ነው። ጋዙን ከሲሊንደሩ ይዝጉ፤ የሚነድ ነገር እንዳይኖር። መስኮቶቹንና በሮቹን ዘግተው፣ የአየር ማስወጫዎቹን በፕላስተር ይሸፍኑ። አንድ መስኮት ላይ ተራ የቤት ማራገቢያ ወደ ውስጥ እንዲነፋ አድርገው ያስቀምጡና ዙሪያውን በካርቶን ይድፈኑ። ከዚህ የበረታ መንፊያ አያስፈልግም፤ ጣሪያዎ በጎማ የተሸፈነ ከሆነ ሽፋኑን ከእንጨቱ ሊያላቅቀው ይችላል። ከዚያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ በመርጫ ጠርሙስ ይዘው በመብራቶቹ ዙሪያ፣ በማዕዘኑ አልሙኒየም፣ በመስኮቱ ጠርዝ በዝግታ ይርጩ። አየር በሚወጣበት ቦታ ትናንሽ አረፋዎች እየተከታተሉ ይፈላሉ፤ አንዳንዴ የሚወጡት ሰው ፈጽሞ ከማይጠረጥረው፣ ጥፍር ከማይገባበት መስመር ነው። አየር የወጣበት ሁሉ ውሃ ይገባበታል። እያንዳንዱን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት።

ጣሪያው ላይ ለመውጣት ጠዋት ጤዛው እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ የረጠበ የጎማ ጣሪያ ያንሸራትታል። ኮምፐንሳቶ ዘርግተው በእርሱ ላይ ይንበርከኩ።

ቀጥሎ አሰልቺው ሥራ ነው፦ የቀቡትን ሲሊኮን በሙሉ ማውጣት። ሲሊኮን ባለበት ላይ ሌላ ማሸጊያ አይዝም፤ አዲስ ሲሊኮን እንኳ በአሮጌው ላይ በቅጡ አይጣበቅም። ለዚህ ነው ሁለተኛው ጊዜ ያልጠቀመዎት። ከዚህም የከፋው ስንጥቁን ከዓይን ይጋርዳል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? በፕላስቲክ መፋቂያ ይፋቁት፤ የቀረውን በጣትዎ እያሹ ያንሱት፤ በመጨረሻ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉት። ጣሪያዎ ጎማ ከሆነ ቤንዚንም ሆነ ሌላ ከነዳጅ የተሠራ ማሟሟያ አያስነኩት፤ ጎማውን ያሳብጠዋል።

ስንጥቁ በመብራቱ ከሆነ መብራቱን ይፍቱ። የሽቦውን ቀዳዳ በቡቲል ይድፈኑ፤ ቡቲል በጥቅልል የሚሸጥ፣ የማይደርቅና እንደ ሊጥ የሚለጠፍ ማሸጊያ ነው። ከመብራቱ ጀርባ ዙሪያውንም ቡቲል ያድርጉና መልሰው ይሰሩት። ቪሱን በአንድ ጊዜ አያጥብቁ፤ ጠበቅ አድርገው ይተዉት፣ በማግስቱ ቡቲሉ ሲተኛ ይድገሙት፣ ተርፎ የወጣውን በፕላስቲክ መፋቂያ ይቁረጡ። በላይ በላዩ ማሸጊያ ሲያስኬዱ የላዩንና የጎኖቹን ብቻ ነው፤ የታችኛው ጠርዝ ክፍት ይቅር፣ ምናልባት የገባ ጠብታ ቢኖር የሚወጣበት እንዲያገኝ። ከፈቱት አይቀር አሮጌዎቹን አምፖሎች በኤልኢዲ መብራት መተካት ጥሩ ነው፤ አብዛኞቹ ውሃ እንዳይገባባቸው የታሸጉ ናቸው።

የትኛውን ማሸጊያ ላሉት፦ ለሞተርሆም ጣሪያ ተብሎ የሚሸጥ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ራሱ የሚተኛ፣ ለአግድም ጣሪያ የሚሆን ነው፤ ይህን ግንባሩ ላይ ቢያደርጉት እየወረደ ይፈሳል። ሁለተኛው የማይወርድ፣ ለቀጥ ያለ ግድግዳ የሚሆን ነው። እርስዎ ሁለተኛውን በብዛት፣ አንደኛውን ምናልባት ለማዕዘኑ ላይኛ ክፍል ይፈልጉታል። ሁለቱንም ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ፣ ደረቅ ቀን ይሥሩ። በሲያትል ክረምት እንዲህ ያለ ቀን ስለማይበዛ እስከዚያ ግንባሩን በሸራ ይሸፍኑት። ጣሪያው ላይ ያለውን የአየር ማቀዝቀዣ ግን በማሸጊያ አይንኩት፤ እርሱ የሚቀመጠው በወፍራም የስፖንጅ ጎማ ላይ ነው፣ የሚጠብቀውም ከውስጥ በአራት ብሎን ነው።

አሁን የተበላሸው እንጨት ቀረ። እርጥበቱ ሳይወጣ ከዘጉት ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። የአልጋውን ፍራሽ አውጥተው፣ የቡናማውን ግድግዳ ወረቀት ገፈው፣ ማራገቢያና እርጥበት መጣጭ ማሽን ለሳምንታት ያሠሩበት። የእንጨት እርጥበት መለኪያ በርካሽ ይገኛል፤ ከ15 በመቶ በታች ሲያሳይ መዝጋት ይችላሉ፣ ከ20 በላይ ካሳየ ገና ነው። ከዚያ ማገሩን በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ ያድርጉት። ካልገባ ድኗል። አንድ ቦታ ብቻ ከገባ ያንን ቆርጠው በሌላ እንጨት ይተኩ። ቪሱ ሳይነክስ የሚዞርበትን ቀዳዳ በኢፖክሲ (ተደባልቆ በሚጠነክር ማጣበቂያ) ሞልተው እንደገና ይብሱ።

ካቻቢቴው የአልጋውን ወለል የያዙትን ማገሮች፣ በተለይ ወለሉና ግንባሩ የሚገናኙበትን፣ ያለ ጉልበት ከገባ ግን ይህ የሁለት ቅዳሜ ሥራ አይደለም። ያ ክፍል የተኛውን ሰው ክብደት ከሾፌሩና ከጎኑ ካለው ሰው ራስ በላይ ተሸክሞ የሚሄድ ነው። ግንባሩ ከውጭ መከፈት አለበት፣ ለባለሙያ ይስጡት። በዚያን ጊዜም «ጣሪያው ይቀየር» ለሚልዎ ሰው የሳሙናው አረፋ የታየባቸውን የእርሳስ ምልክቶች ያሳዩት፤ ጣሪያው ላይ ምልክት ከሌለ ለጣሪያ አይክፈሉ። እስከዚያ ድረስ አልጋው ላይ ማንም አይተኛ፤ ልጆችም ቢሆኑ።