ካልሲፖትሪዮልን ከሳሊሲሊክ አሲድ ጋር ደርቦ ስለመቀባት

ለፕሶሪያሲስ (ቅርፊት ለሚያወጣ የቆዳ ሕመም) የታዘዘልህን ካልሲፖትሪዮል፣ ማለትም ከቫይታሚን ዲ ጋር የሚመሳሰል ቅባት፣ ቅርፊት ከሚያለሰልሰው ሳሊሲሊክ አሲድ ጋር ደርበህ እየቀባህ ለውጥ እንዳላየህና ፊትህን እንዳቃጠለህ ጠይቀሃል። ሦስት ሳምንት ቀብተህ ለውጥ ያጣኸው ሁለቱን ቅባቶች አንድ ላይ ስለምትደርባቸው ሳይሆን አይቀርም። ሳሊሲሊክ አሲድ ካልሲፖትሪዮልን ያበላሸዋል፤ ቆዳህ ላይ የሚቀረው አቅም ያጣ ቅባት ነው። ቅርፊቱን ማለስለስ ከፈለግህ ቫዝሊን ይበቃል፣ እሱም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይቀባ።

ከዚያ እንዲህ አድርግ፦

1. ካልሲፖትሪዮሉን በጠቋሚ ጣትህ ላይ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ጭመቅ። ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ከነጣቶቹ የሁለት መዳፍ ስፋት ይሸፍናል።
2. የታመመው ቦታ ላይ ብቻ ስስ አድርገህ ቀባ። በቀን አንዴም ሁለቴም የሚታዘዝ ስላለ ማዘዣህን ተመልከት።
3. ወዲያው እጅህን በሳሙና ታጠብ። ፊትህን ያቃጠለህ ከእጅህ የተረፈው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቅባት ለፊት አይሆንም፣ የፊት ቆዳ ቶሎ ይቆጣል።

ለውጡ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። አብረው መቀባታቸውን ካቆምክ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ስጠው። ቀላል ማሳከክ ሲጀመር ያጋጥማል፤ ቆዳው ከቀላና ካበጠ ግን አቁምና ሐኪምህን ጠይቅ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ «ቫይታሚን ነው» ብለው አብዝተው የሚቀቡ ብዙ ናቸው። ለአዋቂ ጣሪያው በሳምንት 100 ግራም ነው፣ የራስ ቆዳ ላይ የሚቀባውም ተደምሮ። ከዚያ ካለፈ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሊጨምር ይችላል፦ የማያቋርጥ ጥማት፣ ሽንት መመላለስ፣ የሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ። የኩላሊት ችግር ካለብህ ወይም የካልሲየም ክኒን የምትወስድ ከሆነ ሳትቀባ በፊት ለሐኪምህ ንገር።