ጉትቻ ያለው ጅብ፦ ስለ ባዕድነት ጥያቄና መልስ

ስለ ባዕድነትና ስለሚሰቀጥጥ ነገር ላነሣችኋቸው ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ የሥነ ልቡና ሊቁ ፍሮይድ «ኡንሃይምሊሽ» ያለውን በአማርኛ ምን እንበለው?

መልስ፦ «ሰቀጠጠኝ» ስንል የሚሰማን ነው። የጀርመንኛው ቃል ሥሩ «ቤት» ነው። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1919 እንደጻፈው፣ የሚሰቀጥጠን ፈጽሞ የማናውቀው ነገር ሳይሆን የምናውቀውና የሸሸግነው ተመልሶ ሲመጣ ነው። እርሱ ራሱ በባቡር ሲጓዝ በር ተከፈተና አንድ የማያስደስት ሽማግሌ የሌሊት ልብሱን እንደለበሰ ገባበት። ተሳስቶ የመጣ መስሎት ሊመልሰው ብድግ ሲል፣ ሰውየው በበሩ መስታወት ላይ ያረፈ የራሱ ምስል ነበር።

ጥያቄ፦ በእኛስ አገር?

መልስ፦ ቡዳ። ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች፣ ከእነርሱም ጋር ቤተ እስራኤል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብለው ሲታሙ ኖረዋል። ጅብ ተገድሎ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ወሬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ እንግሊዛውያን ተጓዦች ሳይቀሩ ጽፈውታል። ለእኔ የታሪኩ ልብ ያ ጉትቻ ነው። ጅብማ በየሌሊቱ ሲጮህ የሚሰማ አውሬ ነው፤ ገበሬው ያውቀዋል። ጉትቻው ግን ትናንት ገበያ ላይ ምጣድ በሸጠችልን ሴት ጆሮ ላይ ያየነው ነው። እንጀራችን የሚጋገረው በእጇ ሥራ ላይ ሆኖ ሳለ፣ እርሷን ከማዕዳችን አርቀናታል። የሸሸግነው ይህንን ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ሰው የሚፈራው ሩቁን አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ጀርመናዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1908 ባዕድ ያለው ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄደውን መንገደኛ ሳይሆን ዛሬ መጥቶ ነገም የሚቀመጠውን ነው። ቀጥቃጩም ጎረቤት ነው፤ ያለ እርሱ ማረሻ የለም።

ጥያቄ፦ ይህን ስድብ የከለከለ አልነበረም?

መልስ፦ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ ኖረ።

ጥያቄ፦ ልጅ ሳለሁ እናቴ «ሸክላ ሠሪዋ እያየችህ እንዳትበላ» ትለኝ ነበር። ዛሬ ያሳፍረኛል። ምን ላድርገው?

መልስ፦ ይጻፉት። እናትዎን ለመውቀስ አይቸኩሉ፤ ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ፈርተው ነው። ቁራሹን የት እንደሸሸጉት፣ ሴትየዋ በደጃፉ ስታልፍ ምን እንደተሸከመች፣ ዞር ብላ አይታዎት እንደሆነ ይጻፉ። ስሟን ያስታውሱታል? ካላስታወሱት ከዚያ ይጀምሩ።