ስለ ምትክ ናፍጣ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው «ምትክ ናፍጣ» ብዬ ስጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። ምትክ ናፍጣ ስል ለምርምር ብለን ጥቂት ንጹህ ፈሳሾችን ቀላቅለን የናፍጣን ጠባይ እንዲመስል የምንሠራውን ነዳጅ ማለቴ ነው። የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ናፍጣ ከማደያ እየተቀዳ ምትክ መሥራት ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ የማደያው ናፍጣ አንድ ነገር ስላልሆነ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሃይድሮካርቦኖች (ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ሞለኪውሎች) የተቀላቀሉበት ነው፤ ከማጣሪያ ማጣሪያም ይለያያል። የእያንዳንዱን ሞለኪውል አነዳድ በኮምፒውተር እናስላ ብንል አንዘልቀውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ከአሜሪካው ሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ የወጣው የአነዳድ ስሌት ሞዴል የያዘው ቀጥ ያሉ የካርቦን ሰንሰለቶችን ብቻ ነው። ያም ሆኖ ከ2 ሺህ በላይ የሞለኪውል ዓይነቶችና ከ8 ሺህ በላይ ኬሚካዊ ለውጦች አሉት! ስለዚህ ማንነታቸው የታወቀ ጥቂት ንጹህ ፈሳሾችን መርጠን እንቀላቅላለን።

ጥያቄ፦ መመሳሰሉን በምን ታውቃላችሁ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አራት ነገር እናያለን። የሞለኪውሎቹን ዓይነት፣ የአንድ ሊትሩን ክብደት፣ ሲሞቅ በስንት ዲግሪ ምን ያህሉ እንደሚተንና ሴቴን ቁጥሩን። ሴቴን ቁጥር ነዳጁ በጋለ አየር ውስጥ ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀጣጠል ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ቶሎ ይቀጣጠላል። መለኪያ እንዲሆኑ ለተመረጡት ሁለት ንጹህ ፈሳሾች፣ ለሄክሳዴኬን 100፣ ለሄፕታሜቲልኖኔን 15 ተሰጥቷቸዋል። ሁለቱን በመጠን እኩል ብትቀላቅሉ 57.5 ታገኛላችሁ።

ቀላል ይመስላል፤ ግን ሄክሳዴኬን 18 ዲግሪ ላይ ይረጋል። ጠዋት ክፍሉ ቀዝቀዝ ካለ ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ሻማ ነጥቶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ሴቴን ለማሳደግ ብሎ እሱን ዝም ብሎ መጨመር አይቻልም።

ጥያቄ፦ ኤን-ሄፕቴን የሚባለው ንጹህ ፈሳሽ ብቻውን አይበቃም? ሴቴኑ ለናፍጣ ቅርብ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ እውነት ነው፣ ቅርብ ነው። መቼ እንደሚቀጣጠል ብቻ ለማየት ይሆናል። ነገር ግን 98 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ የናፍጣ አብዛኛው ክፍል ገና ከ180 በላይ ነው የሚተነው። ነዳጁን ሞተሩ ውስጥ ከሚረጨው ኢንጀክተር ሲወጣ ፈሳሹ ቶሎ ይጠፋል፣ ርጭቱ የናፍጣን አይመስልም። የቀለበት ቅርጽ ያላቸው አሮማቲክ ሞለኪውሎችም የሉበትም። ጥላሸት በብዛት የሚመጣው ደግሞ ከእነሱ ነው። ጥላሸት ለማጥናት በሄፕቴን ብቻ መሥራት፣ በእኔ እምነት፣ ድካም ነው። አውሮፓ ውስጥ «አይዲያ» የተባለው ቅልቅል 70 በመቶ ኤን-ዴኬን፣ 30 በመቶ አሮማቲክ የሆነው ሜቲልናፍታሊን የሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ስንት ፈሳሽ ቢሆን ጥሩ ነው?

መልስ፦ እንደ ጥያቄያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆኑ አራት ቅልቅሎች ከ4 እስከ 9 ፈሳሽ ነበራቸው። በበዛ ቁጥር ናፍጣን ይመስላል፣ ስሌቱና ወጪው ግን ይከብዳል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ላይ ልሞክረው?

መልስ፦ በፍጹም። ማለስለሻ ካልተጨመረበት ፖምፓውን ይበላዋል።