የትኛውን መላጫ ልግዛ ላልከኝ ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና "ጋሼ አንተ መካኒክ ስለሆንክ ይገባሃል፣ ከነዚህ የቱን ልግዛ?" ብሎ የመላጫ ፎቶ ደርድሮ አሳየኝ። ያው የድሮው፣ ባለሁለት አፍ ምላጭ የሚገባበት ብረቱ። ሳቄ መጣ፣ እኛ ጥለነው በፕላስቲክ የተካነውን እነሱ በዩቲዩብ ዞረው ደረሱበት። የልጁ አንገት በብጉር ተዥጎርጉሯል፣ ባለ አምስት ምላጩ ነው እንዲህ ያደረገው። ታዲያ መልስ ልሰጠው ስል "ለጀማሪ ለስላሳው ይሻላል ይላሉ፣ እሱን ልግዛና አንተ የምላጩን ክፍተት ትንሽ ሞርደህ ታሰፋልኛለህ፣ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ" አይለኝም! ዝም አልኩ። "ቆይ ላስብበት" ብዬ ሸኘሁት፣ እያኮረፈ ሄደ። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ስለሱ አንገት ሳይሆን ስለ አባዬ አገጭ። ስለዚህ እዚህ እጽፍለታለሁ፣ እኩዮቹም አንብቡት፣ ትንሽ ይረዝማል ቻሉኝ።

አባዬ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ከደሴ ሐረጎን፣ ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ወርዶ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ከዛ ያን በረሃ ሰንጥቆ አሰብ። ሲመለስ ባዶ እጁን አይመጣም፣ አንዴ እንደውም የቆርቆሮ አሳ ይዞ መጥቶ መክፈቻ ስላልነበረን ሰፈሩ ተሰብስቦ በመጥረቢያ የከፈትነው ትዝ ይለኛል፣ አሳውም ጣራ ነካ። ወደ ነገሬ ልመለስ። መላጫውንም ከዛው ከአሰብ ነው የገዛው፣ እኔ ሳልወለድ። ጂሌት ቴክ ይባላል፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣው ሞዴል ነው፣ ሶስት ቦታ ይፈታል፣ ክዳኑ፣ ምላጩ የሚተኛበት ሳህኑ፣ እጀታው። ከውስጥ ናስ ከላይ ኒኬል።

ሸዋ በር ግቢያችን ውስጥ መስታወቷን ሚስማር ላይ ሰቅሎ ነበር የሚላጨው። የደሴን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል፣ እሱ ግን ፊቱን በሞቀ ውሃ በራሰ ፎጣ ሸፍኖ ቆሞ ያንጎራጉራል፣ ሳሙናውን በብሩሽ እስኪያረፋ ይመታል፣ አይቸኩልም። መሪ ላይም የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ያኔ ደሞ ምላጭ እንደልብ አይገኝም፣ አንዱን ወር ያህል ይላጭበታል፣ ሲዶለዱም ብርጭቆ ውስጥ ያስገባና በጣቱ ተጭኖ ግድግዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ያፋጨዋል። ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

1980 ዓ.ም ላይ እህቴ ልትዳር ሁለት ሳምንት ሲቀራት አባዬ "ይሄ ነገር እምቢ አለኝ፣ ይጎትተኛል" ብሎ ወደ አሰብ ሄደ። እኔ 22 ዓመቴ ነው፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ገብቼ ስምንት ወሬ፣ ያየሁትን ሁሉ ፈትቼ ካልገጠምኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ጊዜ። ማንም ሳይጠይቀኝ ችግሩ ክፍተቱ ነው ብዬ ወሰንኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምላጩ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ነው፣ ብቻውን ይተጣጠፋል፣ ክዳኑና ሳህኑ ሲጨብጡት ግን ጎበጥ ብሎ ይጠነክራል፣ ከዛ በስለቱና ከስሩ ቆዳውን በምትገፋው ጠርዝ መሃል የምትቀረው ክፍተት ናት ምን ያህል እንደሚነክስ የምትወስነው። ጠበብ ካለች መላጫው ለስላሳ ነው፣ ሰፋ ካለች ቁጡ ነው። ይቺን አንድ የጥገና ሽማግሌ ነግሮኝ ነበርና አዋቂ ሆንኩ።

ሳህኑን ኪሴ ከትቼ ስራ ቦታ ወሰድኩት፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ሞርሳ ላይ አሰርኩትና ያቺን ጠርዝ በደቃቅ ሞረድ ፈገፈግኳት። አንዱን ጎን እንደጨረስኩ አለቃዬ ወደኔ ሲመጣ አየሁት፣ ሁለተኛውን ጎን በጥድፊያ ብዙ ወሰድኩበት። ገጥሜ በፊለር ጌጅ፣ በክፍተት መለኪያው፣ ስለካው ሁለቱ ጎን አይመሳሰልም። አውቄዋለሁ እኮ። ሳላውቅ ያደረግኩት ቢሆን ይሄን ሁሉ ዓመት አልተሸከምኩትም ነበር፣ ለክቼ አይቼ "ምን ያመጣል" ብዬ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ይዤ ገባሁ። ኒኬሉ ተልጦ ናሱ ቢጫ ሆኖ ይታያል፣ አባዬ ግን ቅርቡን ማየት ካቃተው ቆይቷል። ላስደስተው ብዬ ደሞ በስንት ልመና ያገኘሁትን አዲስ ምላጭ አስገባሁበት።

የሰርጉ ጠዋት አባዬ እንደልማዱ መስታወቷ ፊት ቆመ። በመጀመሪያው ጎን ጉንጩን ደህና ሄደለት፣ "ዛሬስ ልብ ገዝቷል" ሲል ሰምቼዋለሁ። ከዛ እጀታውን ገልበጥ አድርጎ በሌላኛው ጎን ወደ አገጩ መጣ። በዶለዶመ ምላጭ የለመደ እጅ ነው፣ ተጫን አድርጎ ሳበው። ሁለት ቦታ፣ አንዱ ጠለቅ ያለ። እናቴ ቡና ዱቄት ጠቀጠቀችበት፣ አልቆም ሲል ከጎረቤት ሸብ መጣ፣ ነጩ ሸሚዝ ተቀየረ። ሰርገኛው ሲገባ አባዬ አገጩ ላይ ጥቁር የቡና ልጣፍ ይዞ ነው የተቀበለው፣ ፎቶው ላይም አለ።

አልተቆጣም። እጁን ዘርግቶ አያት፣ ገልብጦ አያት፣ "እጄ ከዳኝ" አለ። እኔ ከኋላው ፎጣ ይዤ ቆሜያለሁ። የዛኑ ሰዓት "አባዬ እኔ ነኝ" ብል የአንድ ቀን ቁጣ ነበር፣ ቢበዛ የሳምንት።

ከዛን ቀን ወዲህ ራሱን ላጭቶ አያውቅም። በዓመቱ ደሞ መኪናውን መለሰ፣ "ፂሙን መላጨት ያቃተው እጅ ተሳቢ ይዞ ሐረጎን አይወርድም" ብሎ። 58 ዓመቱ ነበር፣ አፍ እስካፉ የተሞላ የቡና ሲኒ ይዞ ጠብ አያደርግም። ይሄን የነገርኩት ለወንድሜ ብቻ ነው፣ እሱ "መንገዱ ጦርነት ስለነበረበት ነው የተወው፣ አንተ ራስህን አታሰቃይ" ይለኛል። ሊሆን ይችላል። ግን አባዬ ያለው ሐረጎ ነው፣ ጦርነት አላለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ ፀጉር ቤት የማደርሰው እኔ ነበርኩ። አንገቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ ዓይኑን ጨፍኖ ሲላጩት አያለሁ፣ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ ከዛ ሂሳብ ከፍዬ እንወጣለን። አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ሄደ። ሊሞት አካባቢ "ያቺን መላጫዬን አንተ ውሰዳት፣ ያንተ እጅ ገና ነው" ብሎ ሰጠኝ።

እሺ ወደ ጥያቄህ። እውነቱን ለመናገር መላጫው ያን ያህል ለውጥ የለውም፣ ነገሩ ምላጩ ነው። የአባዬም መላጫ ምንም አልሆነም ነበር፣ ምላጩ ነው የዶለዶመው፣ አዲሱን ብቻ ባስገባለት ኖሮ አለቀ። አንተ ምላጭ በየሱቁ ሞልቶልሃል፣ መጎተት ሲጀምር ቀይረው፣ አትንሰፍሰፍለት። ብቻ ፌዘር የሚባለው የጃፓን ምላጭ በጣም ስል ስለሆነ በሱ አትጀምር።

መላጫው ለውጥ የለውም ማለቴን አውቃለሁ፣ ለጀማሪ ግን አለው። ካሳየኸኝ ውስጥ የጀርመኖቹ ሙህሌ አር89 እና አር41 በእጀታ ወንድማማች ይመስላሉ፣ አር41 ግን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለውና በጣም ቁጡው ነው፣ ዓይንህን አንሳለት። አር89 ለስላሳ ነው። መርኩር 34ሲም ደህና ነው፣ አጭርና ከበድ ያለ፣ ክብደቱ ራሱ ይሰራልሃል አንተ አትጫን። የአር89ም የመርኩሩም ጭንቅላት ዛማክ ነው፣ ዚንክ የበዛበት ቅይጥ፣ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ብሎኑ ሊሰበር ይችላል። ውድ ከሆነብህ የማንም ይሁን፣ ጠርዙ ቀጥ ያለና ምላጩ ሲታሰር ሁለቱም ጎን እኩል የወጣ መሆኑን ብርሃን ላይ አድርገህ እይ። ይሄን ሳታይ አትክፈል።

ብጉርህ ፀጉርህ ጥቅልል ስለሆነ ነው። ባለ ብዙው አንዱ ምላጭ ፀጉሩን ይጎትታል ሌላው ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል፣ ሲያድግ ተጠምዝዞ ቆዳህ ውስጥ ይገባል። በአንድ ምላጭ፣ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ላጨውና ተወው፣ እንደ እንቁላል ካልለሰለሰ ብለህ ወደ ላይ ከገፋህ ያው ትመለሳለህ። ክዳኑን ጉንጭህ ላይ አስደግፍና እጀታውን ቀስ እያልክ ወደ ታች አውርደው፣ መቁረጥ ሲጀምር ይሰማሃል፣ 30 ዲግሪ የሚሉት እሱን ነው። ስለመዋዋስ አልጽፍም፣ ያን የማያውቅ የለም።

እናንተ ልጆች ዕቃውን ለመምረጥ ሶስት ሳምንት ቪዲዮ ታያላችሁ፣ ፂሙን በሙቅ ውሃ ለማራስ ሶስት ደቂቃ የላችሁም። ገና ሳይበቅል ዘይት የሚቀባውንስ አይቻለሁ። ደግሞ እኔም ያኔ ከናንተ አልሻልም ነበር፣ ጥድፊያዬ ብቻ በሞረድ ነበር።

የአባዬ መላጫ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለች። ለበዓል ለበዓል አወጣትና ብዙ ባልወሰድኩበት ጎን እላጫለሁ፣ ወደ ሌላኛው ገልብጬ አላውቅም፣ ግማሽ ፊት ላይ እያጠብኩ እደግመዋለሁ። ያንተን ስትገዛ ቅዳሜ ጠዋት ይዘህ ና፣ ውሃ አሞቅልሃለሁ። ሞረድ ግን ከኔ አትጠይቅ።