ጋልቬስተን ላይ የተሰነጠቀ ድራይዎል (መልስ)

ሰላም ወንድሜ። ጋልቬስተን፣ ቴክሳስ የባሕር ዳርቻ ላይ፣ የከፈትከው ካፌ ውስጥ የድራይዎሉ (የጂብሰም ቦርድ ግድግዳው) መገጣጠሚያ ቶሎ ተሰነጠቀ፣ የማዕዘኑም ብረት ዝገት አወጣ ብለሃል። ሠራተኛው ቸኩሎ ይመስለኛል።

የባሕር ዳርቻ አየር እርጥብ ነው። በባልዲ የሚሸጠው ዝግጁ ስቱኮ (መገጣጠሚያው የሚሞላበት ልስን) የሚደርቀው ውሃው ሲተን ብቻ ነው። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ እያለ ሌላ ከደረቡበት፣ ቆይቶ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ድርብ በውሃ የሚበጠበጠው የዱቄት ዓይነት ይሁን። እሱ የሚጠነክረው በኬሚካል ለውጥ ስለሆነ የአየሩን ሁኔታ ብዙ አይጠብቅም። ከረጢቱ ላይ 45 ወይም 90 የሚለው በስንት ደቂቃ ገደማ እንደሚጠነክር ነው። መገጣጠሚያው ላይ የሚለጠፈው ቴፕ የወረቀት ይሁን። የመረብ ቴፑን ብዙዎች የሚወዱት ሥራ ስለሚያፈጥን ነው።

የማዕዘኑን ብረት አስነቅለህ የፕላስቲክ አስገባ። ዝገት በቀለም አይደበቅም። ሥራው እስኪያልቅ ኤሲው አይጥፋ።

የመስኮት ብርሃን በጎን የሚመታው ግድግዳ ካለ ከአጨራረስ ደረጃዎች ከፍተኛውን፣ ደረጃ 5ን ጠይቅ፤ ሙሉ ገጹ በስስ ስቱኮ ይለቀለቃል ማለት ነው። ዋጋው ወደድ ይላል። ለመጋዘን ግን ብርህን አታባክን፣ ደረጃ 4 ይበቃል፤ እሱም ቢሆን ይበዛበታል።

ከሁሉ በፊት ግን ከግድግዳው ጀርባ ውሃ አለመግባቱን አስፈትሽ።