ፓስፖርቷ እጄ ላይ ነበር፣ ባዝራዋ ግን የእኔ አልነበረችም

ወንድሜ፣ ለልጅህ ፈረስ ለመግዛት አስበህ «የአንዳሉሲያ ፈረስና ንጹሕ የስፔን ዘር አንድ ናቸው ወይ? ሻጩ ካርቱሃኖ ነው እያለ ዋጋ ይጨምርብኛል፤ ምን ልጠንቀቅ?» ያልከውን አንብቤ ማለፍ አቃተኝ። እኔም እንዳንተ ከጀርመን ተነስቼ አንዳሉሲያ በሚባለው የደቡብ ስፔን ክልል እስካለችው ሄሬስ ከተማ ድረስ ወርጄ ገዝቻለሁና። የተታለልኩት ፈረስ ስለማላውቅ አይደለም። ያደግኩት እንጅባራ ነው፤ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ የአባቴን ፈረስ ጋማ የማበጥረው እኔ ነበርኩ። ጉዳዬን ያበላሸው ይኸው «እኔን ማን ያታልለኛል» ማለቴ ነው።

1. ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1912 የዘር መዝገቡ ስፔን ውስጥ ሲከፈት የተጻፈው «ፑራ ራሳ ኤስፓኞላ» ተብሎ ነው፤ ንጹሕ የስፔን ዘር ማለት ነው። «አንዳሉሲያ» ይበልጡን የገበያ ስም ነው፤ በዚህ ስም ድቅሉም፣ ወረቀት የሌለውም ይሸጣል። ካርቱሃኖ ደግሞ ሌላ ዘር አይደለም። በሄሬስ ገዳም መነኮሳት እጅ የቆየ፣ በናፖሊዮን ወረራ ዘመን የሳፓታ ቤተሰብ አተረፈው የሚባል የዘር ሐረግ ነው፤ የሚመዘገበውም እዚያው መዝገብ ላይ ነው። ሐረጉን የሚያስረዳህ ወረቀት ብቻ ነው። የእኔ ሻጭ ግን የባዝራዋን ጅራት አንስቶ ከሥር ያሉትን ትንንሽ እባጮች አሳየኝ። «ኤስክላቮ» የተባለው ዝነኛ ድንጉላ ከጅራቱ ሥር ኪንታሮት ነበረው፣ ልጆቹም ወረሱት የሚል የቆየ ወሬ አለ። ችግሩ፣ በግራጫ ፈረሶች ላይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ዕጢም መውጣት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እዚያው ጅራት ሥር ነው። እኔ የክቡር ዘር ምልክት ነው ብዬ ተጨማሪ ከፈልኩበት፤ ቤት ስደርስ የእንስሳት ሐኪሟ አይታ «ይህን በየጊዜው እንከታተለዋለን» አለችኝ።

2. መልኩ። አይተኸው አትፍዘዝ፤ ይህ ፈረስ ዓይን እንዲማርክ ሆኖ የተረባ ነው። የስፔኑ ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1567 ኮርዶባ ላይ የቤተ መንግሥት የፈረስ ጋጣ እንዲቋቋም ሲያዝና ዲዬጎ ሎፔዝ ደ አሮን ባልደራስ አድርጎ ሲሾም የፈለገው ለነገሥታት የሚገባ ፈረስ ነበር። ተሳካለትም። የቪየናው የስፔን ግልቢያ ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው ከእነዚህ ፈረሶች ነው። አንገቱ ደንዳና ሆኖ እንደ ቀስት የጎበጠ፣ ጋማው የበዛ፣ ወገቡ አጠር ያለ ነው፤ ሲራመድ ጉልበቱን ወደ ላይ ያነሳል እንጂ እንደ ጀርመን ፈረሶች እግሩን አርቆ አይዘረጋም። ባለበት ቆሞ ሶምሶማ መርገጥ ለእሱ ጨዋታ ነው። ጠባዩም ገራም ነው፤ ልጅህ አትቸገርም። አንተ ግን የአንገቱን ጀርባ እይ፤ በስብ ከብዶ ወደ ጎን ከተኛ ለርቢ አይፈቀድለትም። ሶምሶማ ሲረግጥ የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ የሚወናጨፉ ከሆነም በግምገማ ላይ ያስቀንስበታል። ቀለሙ አያስጨንቅህ። ብዙዎቹ ግራጫ ናቸው፤ ቀዩ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከመዝገቡ ይከለከል ነበር፣ አሁን ይገባል።

3. ወረቀት። ከዚህ በኋላ ተራ ቁጥር የለኝም፣ ብሶት ብቻ ነው።

ኮሎምበስ እንኳ በዚሁ አገር በፈረስ ተታሏል። እ.ኤ.አ. በ1494 ለስፔን ነገሥታት በላከው ማስታወሻ፣ ፈረሰኞቹ ሴቪያ ከተማ ላይ በሰልፍ ሲታዩ ጥሩ ጥሩ ፈረሶች እንደነበሯቸው፣ መርከብ ላይ የጫኗቸው ግን ምርጡ እንኳ 2,000 ማራቬዲ (የዚያ ዘመን የስፔን ገንዘብ) የማያወጣ እንደሆነ አማሯል። እሱስ በጭነቱ ዕለት አሞት ስለነበር አላየም። እኔ ግን በሙሉ ጤናዬ፣ አጠገባቸው ቆሜ ነው።

ባዝራዋ ግሩም ነበረች፤ ስድስት ዓመቷ፣ ግራጫ። ሻጩ ፓስፖርቷን አስረከበኝ፤ እኔም ያበቃ መሰለኝ። በአውሮፓ የፈረስ ፓስፖርት ማንነቱን ይናገራል እንጂ ባለቤቱን አያረጋግጥም። ለዚህ ዘር «ካርታ ደ ቲቱላሪዳድ» የሚባል የባለቤትነት ወረቀት አለ፤ «እሱ በፖስታ ይደርስሃል» አለኝ። አመንኩት። በጸደይ፣ ለርቢ የተፈቀደለት ድንጉላ አስጠቃኋት፣ ለድንጉላው ከፈልኩ፣ አሥራ አንድ ወር ጠበቅኩ፤ ውርንጭላው ሲወለድ ግን ማስመዝገብ አልቻልኩም። እናቲቱ በስሜ አልነበረችም፤ በስሜ ስላልሆነች ደግሞ ለርቢ ብቁ መሆኗ የሚታይበት ግምገማ ላይ ላቀርባት አልቻልኩም። እዚያው አንዳሉሲያ ያለ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ገንዘቤን ተቀብሎ ስምንት ወር ሙሉ «ማኛና» ሲለኝ ከረመ። ነገ ማለት ነው። በመጨረሻ ቢሮው ድረስ ብሄድበት፣ ጸሐፊዋ ፋይሌን ሳትከፍት «ጀርመን ውስጥ ፈረስ የለም እንዴ?» አለችኝ። እስካሁን ስሙ በተነሳ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ወረቀቱ የነበረው ሻጩ ዘንድ አልነበረም። እሱ ከሌላ ሰው ሲገዛት በስሙ አላዛወራትም፤ ያ ሰውም አላዛወራትም። መዝገቡ ላይ ያለው ስም ያረባት ሽማግሌ ነበር። ሁለት ሰዓት በመኪና ተጉዤ የእርሻ ቤታቸው ደረስኩ። ስልኬ ላይ ፎቶዋን ሲያዩ በቤት ስሟ ጠሯት፤ ምሳ አብልተው እዚያው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈረሙልኝ። አንዲት ሳንቲም አልጠየቁኝም።

ስለዚህ ገንዘብ ሳታወጣ በፊት የካርታውን ፎቶ አስልክ። የተጻፈው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር ካልገጠመ፣ ባለስሙ ራሱ ካልፈረመ አትክፈል። የማይክሮቺፑን 15 አኃዝ ከአንገቷ በግራ በኩል በማንበቢያ አስነብበህ ከወረቀቱ ጋር አመሳክር። ባዝራ ባትፈልግም እንኳ ይህን አድርግ፤ መፈለግህ ግን አይቀርም፣ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ውርንጭላ ወረቀት እንደሌለው ፈረስ በርካሽ ተሸጠ። ባዝራዋ ግን ግምገማውን አለፈች፤ ለሴት ከሚፈለገው የ1.50 ሜትር ቁመት አራት ሳንቲ ሜትር ተርፏት ነበር። ሁለተኛው ልጇ የዘር ምርመራው ተደርጎለት ተመዝግቧል። ሲወለድ እንደ ከሰል ጥቁር ነበር፤ ዘንድሮ በዓይኑ ዙሪያ መንጣት ጀምሯል። ሽማግሌው በየገናው ደውለው «አሁንስ እስከ የት ነጣ?» ይሉኛል።