የከሰል ድቃቂና ጠቃሚ ባክቴሪያ ቲማቲምን ከአጠውልግ በሽታ ይጠብቃሉ?

ጥያቄ፦ በቆጋ መስኖ የማለማ የመራዊ አካባቢ ገበሬ ነኝ። ባለፈው በጋ ቲማቲሜ አበባ እንደያዘ፣ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ቀትር ላይ እየጠወለገ ማታ እየተመለሰ ቆይቶ በሳምንት ውስጥ ደረቀ። ባዮቻር (የከሰል ድቃቂ) እና ጠቃሚ ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ቢጨመሩ በሽታውን ይከላከላሉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ከሆነ እንዴት ልጠቀምባቸው?

መልስ፦ የገለጹት ምልክት የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ይመስላል፤ ሆኖም በፈንገስ የሚመጣ አጠውልግም ስላለ አስቀድመው ያረጋግጡ። የታመመውን ግንድ ከመሬት ከፍ ብለው ይቁረጡና የተቆረጠውን ጫፍ ጥርት ያለ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ሳያንቀሳቅሱ ይያዙት። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ሲወርድ ካዩ፣ ጥፋተኛው ራልስቶኒያ ሶላናሲረም የተባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ተሕዋስ በሥር ቁስል ገብቶ ውኃ ወደ ቅጠል የሚያደርሱትን ቱቦዎች ስለሚደፍን፣ ማሳው ረጥቦ እያለ ተክሉ በውኃ ጥም ይሞታል። አንዴ የታመመውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ባዮቻርም ባክቴሪያም ቢሆኑ የሚጠቅሙት በሽታው ሥሩን ሳይዝ ቀድመው ከደረሱ ብቻ ነው።

ባዮቻር እንጨት ወይም የሰብል ተረፈ ምርት አየር ተነፍጎት ሲከስል የሚገኝ ከሰል ነው እንጂ አመድ አይደለም። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ደከርንስ የተባለውን የግራር ዛፍ የሚያከስሉ ገበሬዎች ከሸጡት ከሰል የሚተርፈው ድቃቂ ለዚህ ሥራ ይሆናል። የከሰለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ሰብረው ቢመለከቱ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ከድርቀት የሚጠለሉት፣ እርጥበትና ምግብም የሚያገኙት በእነዚህና ዓይን በማያያቸው ደቃቅ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በእስራኤል የቮልካኒ የግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በበርበሬና በቲማቲም ላይ እንዳሳዩት፣ አፈር ውስጥ የገባው ባዮቻር ቅጠሉን ሳይነካ በቅጠል ላይ የሚወጣውን ግራጫ ሻጋታ ቀንሷል፤ ተክሉ የራሱን መከላከያ እንዲያነቃ አድርጎታልና። በኋላ በኪያር ላይ የተደረገው ጥናት ግን መጠኑ ሲበዛ የሥር በሽታ መልሶ እንደሚያይል አሳይቷል፤ ስለዚህ ሲበዛ ይሻላል ብለው እንዳይጨምሩ አደራ እላለሁ።

መጠኑን ለመገመት ያህል፣ ከአፈሩ ክብደት 1 በመቶ ባዮቻር ማለት በ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ለ1 ካሬ ሜትር 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ለ1 ሄክታር ደግሞ 15 ቶን ያህል ነው። ይህን ያህል ከሰል ማግኘት ስለሚያዳግት በችግኝ መደቡና በመትከያው ጉድጓድ ብቻ እንዲጠቀሙ እመክራለሁ። ድቃቂውን ከበሰለ ኮምፖስት ጋር እኩል ደባልቀው፣ እያረጠቡ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ጥላ ሥር ያቆዩት፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ እፍኝ ከአፈር ጋር ያዋሕዱ። ያልተደባለቀ ትኩስ ከሰል ናይትሮጅን ስለሚይዝ ችግኙን ቢጫ ሊያደርገው ይችላል። የእርስዎን አካባቢ አሲዳማ ቀይ አፈር ኮምጣጣነቱን ማለዘቡ ተጨማሪ ጥቅም ሲሆን፣ በመቂና በባቱ አካባቢ ጨዋማነት ባለበት ማሳ ላይ ግን ይህ ጥቅም የለም።

ስለ ባክቴሪያው፣ ለባቄላና ለሽምብራ የሚሰጠው ባዮፈርቲላይዘር (ሕያው ማዳበሪያ) ከአየር ናይትሮጅን የሚይዘው ራይዞቢየም የተባለ ባክቴሪያ ስለሆነ ይህን በሽታ ለመከላከል አይተካም። የሚፈለጉት ባሲለስ ሰብቲሊስና ፕሴዶሞናስ ፍሎረሰንስ ናቸው፤ ሥሩን ቀድመው ይይዛሉ፣ ብረትን ከበሽታ አምጪው ጋር ይሻማሉ፣ የሚያዳክመውንም ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። ባሲለስ ድርቀትን የሚቋቋም ዘረ ብናኝ ስለሚፈጥር በመጋዘን ይበልጥ ይቆያል። ምርቱን በማሸጊያው መመሪያ መሠረት በጥብጠው፣ ምሽት ላይ የችግኙን ሥር ነክረው ይትከሉ፤ ከመዳብ ፀረ ተባይ ጋር ግን ፈጽሞ አይደባልቁት።

ማሳዎ አንዴ ስለተያዘ በዚያው ቦታ ለጥቂት ዓመታት ቲማቲም፣ ድንች፣ በርበሬና ደበርጃን አይትከሉ፤ በቆሎ ወይም ስንዴ ይዝሩበት። የታመመውን ተክል ከሥሩ አፈር ጋር ነቅለው ያርቁት፤ ወደ ቦይ ከጣሉት ውኃው በታችዎ ላለው ጎረቤት ማሳ ያደርሰዋል።